ሪባን የታሰረበት ማረፊያ

ከቦምቤ ወደ ሶዶ የተነሳው ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተራራው ተናደ። ሹፌሩ አድነው ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተሰነቀረ። ጭቃው የእንሰት ግንድ እያንከባለለ መንገዱን ጠርጎ ገደል ገባ።

«ውረዱ! ሌላም ይመጣል!» አለ አድነው።

መጀመሪያ የዘለለችው የትምወርቅ ናት፤ የመንገድ ፕላን የምትሠራ መሐንዲስ። ከኋላዋ ሌላዋ ብቸኛ ተሳፋሪ አሰፋሽ አራስ ልጇን በነጠላ ሸፍና ወረደች። ሕፃኗ ጡት አልይዝ ብላ ነው ሶዶ ሐኪም ቤት የሚሄዱት። ዝናቡ እናትና ልጅን ባንዴ አበሰበሳቸው። ለአምቡላንስ ቢደወል ከሶዶ በኩልም መንገዱ ተቆርጧል አሉ።

«ወደ ኋላ እንመለስ» አለች አሰፋሽ።

«ወንዙ ድልድዩን ውጦታል እኮ!» አለ አድነው።

«ወደ ፊት ነው የምንሄደው» አለች የትምወርቅ። «ከጋራው ማዶ የመንገደኞች ማረፊያ አለ። ብርድ ልብስ አለ፣ ምድጃ አለ። ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ ፕላኑን የሠራሁት እኔ ነኝ!»

ዳገቱን ተያያዙት። ጎርፍ የቆረጠው ቦታ ላይ አድነው የዕቃ ማሰሪያውን ገመድ ከዛፍ ዛፍ ወጠረ። ውሃው እስከ ወገባቸው እየገፋቸው፣ ሕፃኗን ከራስ በላይ አንስተው እየተቀባበሉ ተሻገሩ። ሲመሻሽ ከእንሰቱ መሃል ጅብ ወጣ። ሄዱ፣ ሄደ፤ ቆሙ፣ ቆመ። አድነው ድንጋይ ቢወረውርም ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻ የትምወርቅ ጃንጥላዋን ፊቱ ላይ በድንገት ዘርግታ እየጮኸች ሮጠችበት። እሱም ደንግጦ ወደ እንሰቱ ተመለሰ።

«ልጄ በረዳት» አለች አሰፋሽ። «አሁን ማልቀስም ተወች። አቤት ጦሳ፣ አቤት ፈጣሪዬ!»

«ደርሰናል፣ አይዞሽ!»

ደረሱ። ወይ ጉድ! አዲሱ ቤት ቆርቆሮው እያብለጨለጨ ቆሟል፤ በሩ ላይ ቀይ ሪባን፣ ከሪባኑ ሥር የጡጫ ያህል ጓጉንቸር። ጥበቃው ጦና ግድግዳው ሥር ላስቲክ ተከናንቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«አልተመረቀም» አለ። «ቁልፉ ሶዶ፣ ኃላፊው ጋ ነው።»

«አንተስ ብርድ ልብስ የሞላበት ቤት ታቅፈህ ውጭ ምን ትሠራለህ?»

«ወለሉ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ነው፣ ኢንጂነር።»

የትምወርቅ ደሟ ፈላ። ኃላፊዋ ሄኖክ ጋ ደወለች።

«የክብር እንግዳው ሳይመጡ እንዴት ይከፈታል?» አለ ሄኖክ። «ፕሮግራም ተይዟል። አደራ፣ ሪባኑን ጭቃ እንዳይነካው!»

«ሕፃን በብርድ እየሞተች ነው እኮ!»

«ታገሡ፣ ነገ መላ እንፈልጋለን።»

መሥሪያ ቤት ከገባች ጀምሮ ለዚህ ሰው «እሺ ጌታዬ» ስትል ኖራለች። አሁን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ጦና ጉሮሮውን ጠረገ። «መጥረቢያ ከጓሮ አለ። እኔ ምንም አላየሁም።»

አመጣችው። «ለማን ነው የሠራነው?» ቷ! «ለፎቶ ነው?» ቷ! «ለጭብጨባ ነው?» ጓጉንቸሩ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሪባኑም ተበጥሶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ።

አድነው እሳት አያያዘ። እርጥቡን ልብስ አውልቀው ሕፃኗን ራቁቷን እናቷ ደረት ላይ አስተኟት፤ በላይዋ ብርድ ልብስ ደረቡ። ማሰሪያ ቢፈልጉ ምንም የለም። የትምወርቅ ሪባኑን ጎትታ አመጣችና ልጅን ከእናት ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ምድጃው ሲግል የሕፃኗ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ፈለገች፣ አገኘች፣ መጥባት ጀመረች። አሰፋሽ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ጦናም ከበሩ ሥር ዓይኑን ጠረገ።

ጠዋት ግሬደሩ መንገዱን ሲከፍት ሄኖክ እየተነፋ ደረሰ።

«ማነው ይሄን የሰበረው?»

«እኔ ነኝ» አለች የትምወርቅ።

«ትጠየቂበታለሽ!»

«እጠየቃለሁ።»

«ሪባኑስ የት አለ? ለእንግዳው ምን ልንል ነው?»

«ውስጥ ነው። ይግቡና ከሕፃኗ ላይ ይፍቱት።»

ሄኖክ በሩ ላይ ደረሰ። አሰፋሽ ልጇን እያጠባች ቀና ብላ አየችው። እጁን ኪሱ ከተተና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። መንገዱ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ታግደው ያደሩ ሰዎች ውሃው ጎደል ሲል ተሻግረው ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመጡ ነበር፤ ኃላፊ ቢያዩ ጊዜ ፈራ ተባ አሉ።

የትምወርቅ በሄኖክ በኩል አልፋ በሩን ወለል አደረገችው። «ግቡ!» አለቻቸው። «ከነጫማችሁ ግቡ!»