የገብሬ ቀን

«ጮክ ብለሽ አንብቢ። ደግሞ እንዳታለቅሺብኝ!» አሏት ቲቸር ጌታነህ፣ የገብረአማኑኤልን የሕይወት ታሪክ ወረቀት እየሰጧት።

ቤቴል ተቀበለች። ሶዶ ካለው ትምህርት ቤታቸው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዙሪያ ተማሪው ግጥም ብሏል። ገብሬ በሕይወት እያለ መረብ አይቶ የማያውቀው ሪንግ ዛሬ አዲስ መረብ ተገዝቶለታል። ቀኑም ስም ወጥቶለታል፤ የገብሬ ቀን። ለሞተ ሰው የማይደረግ የለም!

ዓምና፣ በመጋቢት 98፣ ከሁምቦ ጋር በተደረገው የዞኑ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ገብሬ ኳስ እንደያዘ ወድቆ ቀረ። ቤቴል ነጥብ መዝጋቢ ነበረች። ጨዋታው ሊጀመር ሲል የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ።

«ደብቂልኝ። ቲቸር ካየው አያሰልፈኝም። ይቺ ጨዋታ ብቻ ትለፍ፣ ከዚያ እታከማለሁ።»

«ገብሬ፣ ይሄ እኮ የልብ ሕመም ነው የሚለው!»

«በቃ አታካብጂ! እናንተ ጴንጤዎች አትምሉም፤ እሺ በይኝ ብቻ።»

እሺ አለችው። ሲሞት ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ወረቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከሒሳብ ደብተሯ ሽፋን ሥር ከረመ። ዛሬ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለምን ይዛው እንደመጣች እሷም አታውቅም።

ከፊት ወንበር የገብሬ እናት፣ እትዬ አሳየሽ፣ በእጃቸው ጠሯት። በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ሆነዋል። ጥቁሩ ቀሚስ ሰፍቷቸዋል።

«ልጄ፣ የምታነቢው ላይ ሁዳዴን ይጾም ነበር የሚል አለበት እንዴ?»

«የለበትም እትዬ። ምነው?»

«ያን ለት ጠዋት፣ ጨዋታ አለብኝ ቁርስ ልብላ ቢለኝ፣ ጾም ነው ብዬ ከለከልኩት። ባዶ ሆዱን ሰድጄ ገደልኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም ጀንበር ሳትጠልቅ እህል አልቀምስም፤ ጾም ቢሆን ፍስክ ቢሆን።»

ቤቴል እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች መጥተው እኚህን ሴት ይዩ። ወረቀቱን ካወጣች ግን ከነገ ጀምሮ ስሟ «ገብሬን ያስገደለችው» ነው። ቲቸርም፣ ጓደኞቿም ይርቋታል። እትዬ አሳየሽም ይቅር አይሏት ይሆናል። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ማይኩ ጋ ቆማ ማንበብ ጀመረች። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ያመጣቸውን ዋንጫዎች አነበበች። «በድንገት» የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ። ቲቸር ጌታነህ ቀጥይ እያሉ እጃቸውን አወዛወዙ።

የሕይወት ታሪኩን አጣጥፋ ከመድረኩ ወረደች። እትዬ አሳየሽ ፊት ተንበርክካ የሐኪሙን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱላት። ፊደል አልቆጠሩም።

«ምን ይላል፣ ልጄ?»

ቤቴል ጮክ ብላ መጀመሪያ ቀኑን አነበበች፤ ገብሬ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነበር።