ጉንዳን ያልቀረበው ብርጭቆ

ወይዘሮ ኩሙዲኒ የሞተችው የዝሆን ራስ ባለው የሂንዱ አምላክ በጋኔሽ በዓል ቀን፣ ቤቱ በኮኮናት እንፋሎት ታፍኖ ሳለ ነው። ኢንስፔክተር ሹብሃ ጃግታፕ መኝታ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነበር፤ የጠወለገ አበባ፣ ላብ፣ መኮምጠጥ የጀመረ ኮኮናት። ሟቿ በጎኗ ተኝታለች። አዲሱ ሳሪዋ በላብ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል፤ ከአፏ ጥግ የወረደው ምራቅ ትራሱ ላይ ደርቋል። አጠገቧ ጥቂት ውሃ የቀረበት ብርጭቆ አለ። ሐኪሙ «በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ነው» ብሎ ሄዷል።

በሩ ላይ የሟች ባል ወንድም ሽሪሽ ቆሟል፤ በሳንግሊ ከተማ ስመ ጥር የጣፋጭ ሱቅ ያለው፣ ባንኮኒው ላይ ለስኳር ሕመምተኞች የሚሆን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ዱቄት ደርድሮ የሚያሳይ ሰው ነው።

«ምኑ ይመረመራል፣ እመቤት? ምራቷን ይያዙልን» አለ። «የበዓሉን ጣፋጭ፣ ሞዳኩን፣ ጤናማ አድርጌ እሠራለሁ ብላ ስኳርን ከዚህ ቤት አባረረች። በዓል ሳይሆን ሆስፒታል ነው የከፈተችብን!»

ምራቷ ምሩናል የምትጠባ ሕፃን ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ባሕር ላይ ነው ያለው። ከጣቢያ የመጣው ፖሊስ ሳይመሽ ሊወስዳት መኪናውን አዙሮ አቁሟል። ሕፃኗ ደግሞ ከእናቷ ጡት ሌላ አትቀምስም።

ኢንስፔክተሯ ምሩናልን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ሞዳኮቹ እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ተሞጥሙጠው እንፋሎት ማብሰያው ውስጥ ተደርድረዋል። በሩዝ ፋንታ በዳጉሳ ሊጥ ተጠቅልለዋል፤ ውስጣቸው በሸንኮራ ስኳር ፋንታ ቴምርና ኮኮናት ነው።

«ማን ቀመሳቸው?»

«ኧረ ማንም! ለአምላክ ሳይቀርብ እንዴት ይቀመሳል? ካህኑን እየጠበቅን ነበር።»

«አማትሽስ?»

«እሷማ ከጸሎት በፊት እህል አትነካም። ካህኑ ረፋድ ላይ ይደርሳል ስለተባለ ግን ኢንሱሊኗን ቀድማ ተወጋች፤ ወዲያው እበላለሁ ብላ። ካህኑ ቀረ። ላብ አጠመቃት። ‹ምሩ፣ ቶሎ ስኳር በጥብጭልኝ!› አለችኝ።»

«ስኳር ነበረሽ?»

«ለእንግዶች ሻይ ያስቀመጥኩት አለ። በጠበጥኩና ደፉ ላይ አኖርኩት። ለአምላክ ለማብሰል ታጥቤ ሐር ለብሼ ነበር፤ ሰው ከነካሁ ሁሉም ይረክሳል። ‹አድርሱላት!› ብዬ ጮኬ ወደ እሳቱ ዞርኩ። መለስ ብዬ ሳይ ብርጭቆው ተነሥቷል።» እንባዋ ወረደ። «ሐሩ ገደል ይግባ ብዬ መሮጥ ነበረብኝ።»

የሟች እህት ቪማል ሳሎን ውስጥ ያልተጨረሰ ጉንጉን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቁጭ ብላለች።

«እማማ ቪማል፣ ብርጭቆውን ያነሡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ከዚህ አልተነሣሁም። የሰፈሩ ከበሮ ጆሮዬን ደፍኖት፣ ጩኸትም አልሰማሁ።»

«ከምሩናል ጋር አትስማሙም አሉ።»

«በዳጉሳዋ ነዋ! አምላክን ድሃ አስመሰለችው እኮ፣ ልጄ። እህቴ ግን ‹ዝም በይ፣ ሆዴ የሚያምነው ይሄን ነው› አለችኝ። በቀደም የሽሪሽን ‹ስኳር የለሽ› ሞዳክ በልታ ስኳሯ ጣራ ነክቶ ልትሞት ነበር። ‹ዛሬ ማታ እንግዳ ሲሞላ ጉዱን አወጣለታለሁ› ብላለች።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«ኩሙዲኒ ነገር በሆዷ የምታሳድር መሰለሽ? ራሱኑ ጠርታ ነገረችው!»

ሽሪሽ በተራው ፈገግ እንዳለ ነበር። «እኔ በፊት ለፊት ደጅ ካህኑን በስልክ እለምን ነበር። ሰውዬው እንደ ሙሽራ ነው የሚጠበቀው። ወጥ ቤትም ጓሮም አልረገጥኩም።»

ለበዓሉ ያመጣው ባለወርቅ ቀለም ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነው። ክዳኑ ላይ «ስኳር የለሽ» ተብሎ ተጽፏል። ከስንጥቁ ጥቁር መስመር ይወጣል። ሽሪሽ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሞዳኮቹ በጉንዳን ተሸፍነው ይንቀሳቀሳሉ። አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጠረገና ዘረጋላት። የተጨፈለቁ ጉንዳኖች ቅባቱ ላይ ተለጥፈዋል።

«ይቅመሱ እንጂ። ንጹሕ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ትታው ወጥታ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተንበረከከች። ብርጭቆው ከነበረበት የፈሰሱት ጠብታዎች ላይ ጉንዳን ተከምሯል። ከዚያ መስመሩ በጓሮው አልፎ ቤተሰቡ እስከሚሰግድላት ቅድስት በሶብላ ማሰሮ ይሄዳል፤ የበሶብላዋ ሥር በጉንዳን ይፈላል። አፈሩን በጣቷ ነካችው፤ አጣበቃት።

ወደ ሟቿ ተመለሰች። እዚያም ጉንዳኖች አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው አበባ ይጓዛሉ። ብርጭቆውን ግን እንደ ድንጋይ እየዞሩት ያልፋሉ። ውሃውን አሽጋ ለምርመራ ላከችና ካህኑን አስጠራች።

ካህኑ ሲደርስ ጸሎት ባላገኘው የጋኔሽ ምስል ፊት ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ የመኪናውን ቁልፍ እያቃጨለ በሩ ላይ ቆመ።

«ደፉ ላይ የፈሰሰውን ጉንዳን ወሮታል» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ምሩናል የበጠበጠችው እውነተኛ ስኳር ነው። ሟቿ የጠጣችውን ግን ጉንዳን አልቀረበውም። ብርጭቆው በመንገድ ተለውጧል። ስኳሩ የት ሄደ? በሶብላዋ ላይ ተደፍቷል።»

«በሶብላዋ ላይ?» ቪማል አፏን ያዘች። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

«በየማለዳው ዞረው የሚሰግዱላት እርስዎ ይህን እንደማያደርጉ አውቃለሁ። ምሩናልም ልትገድል ብትፈልግ ኖሮ መጀመሪያውኑ ስኳር አትበጠብጥም ነበር። የቀረው ከስኳር እኩል የሚጣፍጥ፣ ለደም ግን ምንም የማይሰጥ ዱቄት ያለው ሰው ነው። አቶ ሽሪሽ፣ ለደንበኛ ማሳያ ባንኮኒዎ ላይ የደረደሩት ዱቄት ሞዳኮችዎ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሳጥንዎን ያዩ ጉንዳኖች ይህን ያውቃሉ። ኩሙዲኒም አውቃ ነበር።»

«የጉንዳን ምስክር!» ሽሪሽ ሳቀ። «እኔ ካህኑን እለምን ነበር አልኩ እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ካህኑ ዞረች። «ጌታዬ፣ ለምን ዘገዩ?»

ሽማግሌው ግራ ተጋባ። «እኔማ ከዚህ ቤት ልጀምር ነበር። ሽሪሽ ደውሎ ‹ገና አልተዘጋጀንም፤ መጨረሻ ላይ ይምጡ› አለኝ።»

«ለሟቿ ደግሞ ‹ረፋድ ላይ ይደርሳል› አሏት። ትወጋለች፤ ከአምላክ ቀድማ አትበላም፤ ትደክማለች፤ ስኳር ትጠይቃለች። እምነቷን አውቀው ወጥመድ አደረጉት።»

ሽሪሽ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ጣፍጧታል» አለ። «ጭልጥ ልታደርገው ምንም አልቀራት። ‹ዕድሜ ይስጥህ› ብላ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ መረቀችኝ።»

ምሩናል ሕፃኗን ለቪማል አስታቅፋ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ስታስመልስ ተሰማ። ፖሊሱ ሽሪሽን በሁለት ጣቱ፣ እንደ ቆሸሸ ጨርቅ፣ ከክንዱ ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው።

ምሩናል አፏን ተጉመጥምጣ ስትመለስ ሕፃኗ በለቅሶ ትንፋሽ አጥሯታል።

«መኪናው ሄደ እንዴ?»

«ሄደ» አለች ቪማል። ልጅቷን ሰጠቻትና በሩን በጀርባዋ ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አጥቢ። ማንም አይወስድሽም።»