የተነከሰው ክራቫት

የእንግሊዝኛ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ተማሪዎቹ በቅጽል ስም «ቶሎ በሉ» ይሉት ነበር፤ አንድ ቀን ተቀምጦ አስተምሮ አያውቅም። ፖሊሶቹ ዘበኛውን በካቴና ይዘውታል፤ በማለዳ ግቢው ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም ተብሎ።

መርማሪዋ አስከሬኑ አጠገብ በርከክ አለች። በግንባሩ ወድቋል፤ ቁስሉ ግን ማጅራቱ ላይ ነው። የክራቫቱ ጫፍ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ጥርስ አርፎበታል።

«አባቴ፣ ሌላ ሰው አልገባም?» ስትል ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ጓሮ ውኃ ስቀዳ በሩ ክፍት ነበር፣ ልጄ። ግን እኔን ማን ይሰማኛል? ልጆቼስ ምን ይውጣቸው?»

ረዳት መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። «ከትናንት ወዲህ ዓይኑን አላየሁም» አላት። «ጩኸት ሰምቼ ነው የደረስኩት።»

የሟቹ ሚስት ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም» አለች። «ዛሬ የሚያስተምረው ፈረንጆቹ ስለ መጓጓት የሚሏቸውን አባባሎች ነበር። ለእያንዳንዱ ትርኢት ያበጅለታል። ‹ፋየርድ አፕ›፣ ተቀጣጥሏል፣ ሲል ደረቱን እንደ ከሰል ያራግባል። ‹ሬሪንግ ቱ ጎ› ግን አስቸገረው፤ ለመጀመር እንደ ፈረስ ለሚቁነጠነጥ ሰው የሚባል ነው። ዛሬ ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር መጣለት። ቁርሱን ጥሎ ሮጠ።»

«ምን መጣለት፣ እህቴ?»

በጆሮዋ ነገረቻት።

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። «ተማሪዎቹ ውጭ ቆመዋል። ማን ያስተምራቸው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ረዳቱ።

«እስቲ ‹ሬሪንግ ቱ ጎ›ን እንዴት ታስረዳቸዋለህ?»

ሳያስብ ክራቫቱን እንደ ልጓም ነክሶ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ዘበኛው ሳይቀር ሳቅ ሊያመልጠው ነበር።

«ክራቫት መንከስ ለማንም አይመጣለትም» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ያገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ቤት ያየችው ሚስቱ ብቻ ናት። የክራቫቱ ጫፍ ግን ገና አልደረቀም፤ እዚህም ደርሶ ለአንድ ሰው አሳይቷል። አንተ ከትናንት ወዲህ አላየሁትም አልክ። ታዲያ ማን አሳየህ?»

ረዳቱ ክራቫቱን ከአፉ አወጣ።

«ሁልጊዜ እንደ እሱ ሁን ይሉኛል። ካልነሸጠኝ ምን ላድርግ! ደረጃው ላይ አስቁሞ፣ ‹ና፣ አንተም ሞክረው› አለኝ። ዞር ሲል የበሩ መቀርቀሪያ እጄ ላይ ነበር፤ ማጅራቱን መታሁት።»

የዘበኛው ካቴና ተፈታ። ሚስቲቱ ተነስታ ረዳቱ ፊት ቆመች። እርግማን የጠበቁ ነበሩ።

«ሲያሳይህ» አለችው፣ «ይስቅ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «እየሳቀ ነበር።»

«በሉ፣ ውሰዱት» አለች። ድምጿ የተሰበረው ያኔ ብቻ ነው።