የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው የጎጆዎቹ ጠባቂ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሲነሣ፣ ከጀልባ ማሰሪያው መድረክ ሥር፣ በሸምበቆው መሐል በግንባሩ የተደፋ ሰው አየ። ጀልባዋ ባዶዋን ርቃ ትዋልላለች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑን መድረኩ ላይ አጋድመው አንሶላ አልብሰውታል። ሟቹ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ቅዳሜና እሑድን ሊያሳልፉ አብረውት የመጡት ሦስት ሰዎች በየጎጆአቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጁ፣ የረጅም ዘመን ጓደኛው የሆነው ልብስ ሰፊ፣ እና ሌሎቹ በቅጡ የማያውቋት አንዲት ነርስ። አንዱም ወደ ሌላው በረንዳ አልተሻገረም። ኢንስፔክተሯ ይህን ልብ አለች። እሷንም ከማዕረጓ በቀር በሌላ ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«ዓሣ ላጥምድ ብሎ ወጥቶ ወድቆ ነው» አለ ጠባቂው። «ዋና አይችልም፤ ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ!»

ኢንስፔክተሯ ጀልባዋን አስጎትታ ውስጧን አየች። መቅዘፊያዎቹ ከመቀመጫው ሥር በገመድ እንደታሰሩ ናቸው። ከዚያ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ከሐኪሙ ጭንቅላት በስተኋላ ቁስል አለ። የቡናማ ኮቱ ቁልፎች በወየበ ክር ላልተው ተንጠልጥለዋል። ሁለተኛው ብቻ በአዲስ ጥቁር ክር ጥብቅ ብሎ ተሰፍቷል።

ልጅቷ ከለቅሶ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል።

«ተጣልተን ነው የተለያየነው» አለች። «ማታ እራት ላይ፣ ላገባት ነው አለኝ፣ ይቺን ነርስ። እዚህ ሲያመጣት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች ነው ያለን። እናቴ አፈሯ እንኳ አልደረቀም!»

«ኮቱን ለብሶ ነበር?»

«ኮቱን? አዎ፤ ቁልፉ ተበጥሶ ሾርባው ውስጥ ገባ። ሳቅን። አውጥቶ ጠራርጎ ኪሱ ከተተው። የሳቅነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ብቻ።»

«ልብስ ሰፊውስ?»

«ጋሼ እራት አልመጣም። ራሴን አሞኛል ብሎ ጎጆው ቀረ።»

ነርሷ ሻንጣዋን ሸክፋ፣ ግን መሄዱንም መቀመጡንም ሳታውቅ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ቁልፉን አንቺ ነሽ የሰፋሽለት?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«እኔማ ልስፋልህ ብዬው ነበር፤ ሳቀና እንቢ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅር ብሎኛል። ያችን ታህል ነገር እንኳ ሳይፈቅድልኝ።»

ልብስ ሰፊውን ሸሚዞቹን ሲያጥፍ አገኘችው።

«ከትናንት ከሰዓት ወዲህ አላየሁትም፣ ልጄ። የጠባቂው ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ብዙ ጊዜ እዚህ ትመጣላችሁ?»

«ሚስቶቻችን ከሞቱ ወዲህ በየሳምንቱ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው የሚያናግረኝ ልብሱ ሲጠበው ነው። ቅዳሜ ግን ሰው ነኝ።»

ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል የኮቱ ገበር ተገለጠ። እንደ ሙያ ጓደኞቹ መርፌ ሰክቶበታል፤ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበታል።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ወደ መመገቢያው ጎጆ ጠራቻቸው። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ መጥታለች።

«ሐኪሙ ጀልባ ላይ አልወጣም» ብላ ጀመረች። «መቅዘፊያዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ጀልባዋን ፈትቶ የገፋት፣ አደጋ ለማስመሰል የፈለገ ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?» አለች ልጅቷ።

«ማታ የተበጠሰው ቁልፍ ጠዋት ኮቱ ላይ ተሰፍቶ አገኘሁት። ስለዚህ ከእራት በኋላ ሐኪሙ አጠገብ መርፌ የያዘ ሰው ነበር። እሱ ራሱ እንዳንል፣ ክሩ ከቁልፉ ሥር ተጠምጥሞ አንገት ተበጅቶለታል፤ የባለሙያ እጅ ነው። ነርሷ ልስፋልህ ስትለው ለምን እንቢ አለ? የሚሰፋለት ሰው ስላለው። ያም ሰው ቅር እንዳይለው።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ከትናንት ከሰዓት ወዲህ አላየሁትም ብለውኛል። ያን ጊዜ ቁልፉ ገና አልተበጠሰም።»

ልጅቷ «ጋሼ?» አለች፣ የለም እንዲላት እየለመነች።

ልብስ ሰፊው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጠዋት መድረኩ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እዚያው ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ‹ላገባ ነው፤ ከእንግዲህ እዚህ መምጣታችን ይቀራል› አለኝ። ሌላም ሊል ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ገፋሁት። ጭንቅላቱ ከመድረኩ ግንድ ተጋጭቶ ውኃው ውስጥ ገባ።»

«ለምን አላወጡትም?»

«እጁን ዘርግቶልኝ ነበር።» የተዘረጉ እጆቹን ሰበሰበ። «ባወጣው ይሄዳል።»

እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ነርስ ቀና አለች።

«የት ይሄዳል?» አለች። «ቤት ስንፈልግ የከረምነው ስለ እርስዎ እኮ ነው። ‹ለወንድሜ የሚሆን ክፍል ከሌለው አልገባም› እያለ ስንቱን ቤት ጥሎ ወጣ። የስፌት መኪናዎ የሚቆምበትን ቦታ ሳይቀር በክንዱ ለክቷል።»

«አልነገረኝም» አለ ልብስ ሰፊው። «አልነገረኝም እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ብብቱን ይዛ አስነሣችው። ወደ ፖሊስ መኪናው ይዛው ሄደች። መኪናው ከዛፎቹ ጀርባ ሄዶ ድምፁ እስኪጠፋ ልጅቷ አልተነቃነቀችም። ነርሷ ሻንጣዋን አንሥታ በሩ ጋ ደረሰች።

«ቤቱ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እንዴት ያለ ነው?»

ነርሷ ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ፣ ተመልሳ ከአጠገቧ ተቀመጠች።