የማይፈርሰው ግርግም

በ1978 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ደባርቅ ውስጥ አፈሳ ነበር። እኔና እናቴ የሺወርቅ ቤታችን ጥግ ላይ ግርግም እየሠራን ነው። እናቴ በየዓመቱ ከሳር በረት ትሠራና ከጭቃ የተሠሩትን እመቤታችንንና ሕፃኑን ታኖርበታለች፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይሳለማል። ድንገት አንድ ልጅ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ደብቁኝ!»

እናቴ እጁን ያዘችው። ከበረቱ ጀርባ፣ በሳሩና በቤቱ ግድግዳ መካከል አስገባችውና ሳር ከመረችበት። ወንድሜን መንግስቴን አምና ከገበያ አፍሰው ግንባር ወስደውታል።

ልጁን የሚያሳድዱት ታጣቂዎች ገብተው ቤቱን በረበሩ። አንደኛው ግርግሙን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ተሳለመ፤ ከዚያ ሁሉም ወጡ።

ልጁ አንሙት ይባላል፤ ከጊች መጥቶ ደባርቅ ይማር ነበር። ኬላው ላይ ወጣት ስለሚይዙ አገሩ መግባት አልቻለም። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ ግርግሙ ይፈርሳል። ከፈረሰ አንሙት የት ይግባ?

እናቴ «ልጄ ከግንባር እስኪመለስ ላላፈርሰው ተስያለሁ» ብላ አወራች። አይ የኔ እናት! ስለት መሆኑ ሲሰማ ልጁ የተወሰደበት ሁሉ ወደኛ ቤት ጎረፈ። ጎረቤታችን እትዬ በለጠችማ ተንበርክካ ስታለቅስ ትውላለች። አንሙት ከበረቱ ጀርባ ሳሉን አፍኖ፣ እኔ ከፊት ለፊት እየተቁነጠነጥኩ፣ ቀኑ አይመሽም።

ምግቡን በሳሩ መሀል አቀብለዋለሁ። መጀመሪያ ያወቅሁት እጁን ነው። ከዚያ ዓይኑን።

«ውጭው እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ብርዱ አይጣል ነው። አንተ ታድለህ፣ ሳር ለብሰሃል።»

«ስንቅነሽ ሙች፣ አታስቂኝ! ይሰማሉ።»

ሳሩን መልሼ እደፍናለሁ። ዓይኑ ግን በሳሩ መሀል ያወራኛል። ወደድኩት፤ ምን አሳፈረኝ! የታሰረው እሱ ብቻ መስሎት ያዝናል እንጂ እኔም ከዚያ በረት አልወጣሁም። ውኃ ልቀዳ ስሄድ እንኳ ልቤ እቤት ነው።

እናቴ ገባት። «ወንዱን ወሰዱብኝ፤ አንቺ ደግሞ በገዛ እግርሽ ልትሄጂ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል መጡ።

«የሺወርቅ፣ ሰኞ ጾም ይገባል። እኛ ሕማሙን ልናስብ ስንነሳ ጌታ አንቺ ቤት ገና በረት ውስጥ ይተኛል? ስለቱን እኔ እፈታልሻለሁ፤ አፍርሺው።»

አባ ራሳቸው ሳሩን ይስቡ ጀመር። ትንሽ እንደሳቡ የአንሙት ፊት ብቅ አለ።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡና መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

«አባ፣ በእመቤቴ፣ ልጁን አያስፈጁት» አለች እናቴ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ያዝኩ። «አባ፣ በረቱ ከፈረሰ እሱ ዛሬ ይሄዳል። እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። የጋብቻ ቃላችንን ይስሙን።»

«ኬላ ላይ ቢይዙኝስ?» አለ አንሙት።

«ባሌን ያዙት ብዬ አለቅሳለሁ። እንዲሁ ቢይዙህ ማን ብዬ ላልቅስ?»

አባ እናቴን አዩ፤ እኔም አየኋት። እሷ ወደ በረቱ ሄደች። ከዚያ እመቤታችንንና ሕፃኑን አንስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችና ሳሩን በመጫኛ ታስር ጀመር።

«ዛሬ ገበያ ነው» አለች። «ሳር የተሸከመ ሰው ፊቱ አይታይም።»

አባ መስቀላቸውን በራሳችን ላይ አሳርፈው ቃላችንን ሰሙ። እልልታ የለ፣ ዘፈን የለ። እናቴ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና «ሂጂ» ብላ ገፋ አደረገችኝ።

ኬላው ላይ አንሙት ከነሸክሙ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ሳሩ ለምንድን ነው?» አለ ጠባቂው።

«ለላማችን። አዲስ ተጋቢዎች ነን» አልኩት።

«እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ አሳለፈን።

በጊች መንገድ ላይ ቡይት ራስ ስንደርስ አንሙት ሸክሙን ጥሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ፀሐይ ካየ ስለቆየ እንባው ይወርዳል። እኔ ወደ ደባርቅ ዞርኩ። እናቴ ሁለት ልጅ ወልዳ ዛሬ ማታ ብቻዋን ራት ትበላለች።

«ቆጨሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ቆጨኝ» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። «ተነስ፣ እንሂድ።»