ሰባት ጊዜ ሁለት

ሽማግሌው የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ፊታቸው ተሸፍኗል። ነርሷ በካቴና ታስራ ጥግ ላይ ቆማለች፤ የሟቹ ልጅ ጣቱን እየቀሰረባት ይጮሃል። የማስታገሻ መድኃኒት የሚሰጠውን ማሽን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

«አባቴን ገደለችው! የቀኑ ልክ አሥር ሚሊግራም ነው፤ አሥራ አራት ሰጠችው!»

«ቀስ በል ወንድሜ» አለችው መርማሪዋ። ጩኸት ያንገሸግሻታል። ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺስ እህቴ?»

«ከጠዋት ጀምሮ የማሽኑን ቁልፍ ሰባት ጊዜ ተጫንኩ። በአንዱ ሁለት ይሰጣል። አባባ ሲሰቃዩ እንዴት ዝም ልበል? እኛ አንቆጥርም፤ የሚቆጥረው ማሽኑ ነው። ልኩ ሲሞላ እምቢ ይላል። ዛሬ እምቢ አላለም! እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

አልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ። «ከሞቱ በኋላ በባዶ ብልቃጥ ሞከርኩት። ስድስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

ምስኪኗ ነርስ አለቀላት ያሰኛል። መርማሪዋ ግን ማሽኑ በየጊዜው የሚተፋቸውን ወረቀቶች ከሥሩ ሰብስባ አልጋው ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ልጁን ጠራችው።

«እኔ በኮምፒውተር ነገር ደንቆሮ ነኝ። ማሽኑ እንዴት ነው የሚያስታውሰው?»

ስለ ሙያው ሲጠየቅ ጩኸቱ በረደ። «ፈንክሽኑ፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል፣ መጀመሪያ የበሽተኛውን ስም ይቀበልና ሌላ ፈንክሽን ይመልሳል። ያኛው መድኃኒቱን ይቀበልና ሌላ ይመልሳል። የመጨረሻው መጠኑን ተቀብሎ ይደምርና ራሱን ይመልሳል። ነርሷ ደግማ ስትጫን የሚጠራው ይኸው የተመለሰው ነው። ድምሩ ውስጡ ተቆልፎበታል፤ ከውጭ ማንም አይነካውም።»

«የተመለሰውን ትቶ በየጊዜው ከመጀመሪያው ቢጠራስ?»

«ያኔማ ድምሩ እንደገና ከዜሮ…» አለና ዓይኑን ወደ ወረቀቶቹ ወረወረ።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ሲሞክር የወጡትን እዩ። ‹እስካሁን የተሰጠ፦ ሁለት›፣ ቀጥሎ አራት፣ እያለ አሥር ይደርሳል። የነርሷ ሰባቱስ?»

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። «ሁለት። ሁለት። ኧረ በስመ አብ! ሁሉም ሁለት!»

«ስለዚህ ጠዋት ማሽኑ በተጫኑት ቁጥር ይረሳ ነበር። አንተ ስትሞክረው ደግሞ ያስታውሳል። በመሃል አንድ ሰው አስተካክሎታል። የይለፍ ቃሉ ማን ጋ ነው?»

ሁሉም ልጁን አዩት። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት ኮዱን ላሳጥር ብዬ… ሰንሰለቱን በጠስኩት። ሲሞት ነው የገባኝ። ፈራሁና ማንም ሳያየኝ አስተካከልኩት። አባቴ እኮ ነው!»

«አባትህን የገደልከው በስህተት ነው» አለች መርማሪዋ። ተናድዳለች። «እሷን ግን አውቀህ ልትገድላት ነበር።»

ነርሷን ያሰራት ፖሊስ ካቴናውን ሊፈታ ቁልፉን አወጣ። ነርሷ ግን እጇን ነጥቃ ወደ ልጁ ዞረች።

«አንተ! ጠዋት የለወጥከው የዚህን ክፍል ማሽን ብቻ ነው?»

«የሁሉንም።»

«ያስተካከልከውስ?»

«ይሄንን ብቻ።»

ነርሷ እጇ እንደታሰረ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሮጠች።