«ለነገ!» ያሉት እናት

አሮጊቷ አርባ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበዋል። አርባ አንድ ዓመት! ሶዳው የጣቶቻቸውን ጫፍ ልሶ ልሶ ከመጨረሱ የተነሳ፣ ጡረታ የወጡ ዕለት አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ቢጫኑት የወጣው መስመር የሌለው ጥቁር ነጥብ ነበር። ጸሐፊው «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሌባ ቢሆኑ ማንም አይይዝዎትም ነበር!» ብሎ ቀለደ። እሳቸውም ሳቁ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረችው የልጅ ልጃቸው ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን አይታ ፊቷን አዞረች።

አሁን እነዚያ እጆች በብርድ ልብስ ላይ ተዘርግተዋል። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሆስፒታሉን የኋላ በር ያያል። ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፤ ቤታቸው ይረፉ» ብሎ ከላካቸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የልጅ ልጅየዋ፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ፈቃድ ወስዳ ከአልጋቸው አጠገብ አልተነሳችም። ሌላ ማን አላት? እሳቸውስ ከእሷ ሌላ ማን አላቸው?

ሰማንያ ሁለት ዓመት ኖረው ያላዩት ምን ነገር አለ! ግንበኛ ባላቸው ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሲሞት ገና ሠላሳ ዓመታቸው ነበር። በዓመቱ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ወሰደባቸው። የቀረችው አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። የሦስቱን ሟቾች ፍቅር ደርበው ለእሷ ሰጧት፤ እሷ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሚስትና ልጆች ያሉትን የጭነት መኪና ሹፌር ተከትላ ሄደች። እናትየው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አሉ። ዓመት ሳይሞላ ልጂቱ በዚሁ ሆስፒታል ስትወልድ ሞተች። ሕፃኗን እሳቸው አሳደጓት፤ በታጠቡ አንሶላዎች ቅርጫት ውስጥ እያስተኙ።

አስተማሪዋ ስለ እናቷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ታውቃለች፦ አያቷ በር ሲንኳኳ አያስችላቸውም። ድስት ይረር፣ ወተት ይገንፍል፣ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። ጡረታ የወጣው የሆስፒታሉ ዘበኛ ሁልጊዜ ይቀልድባቸው ነበር። «እትዬ፣ እርስዎማ ነፋስ ቢያንኳኳም ይከፍታሉ!»

«ነፋስም ቢሆን ይግባ!» ይሉታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሰማሽ በኋላ ብትጠዪኝ አልቀየምሽም።»

«ምን ነካሽ እማማ፣ አትድከሚ።»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሳለሁ፣ በርሜሉ አንዴ ከፈላ በኋላ የቆሸሸ ጨርቅ አልቀበልም ነበር። በሩን ቆልፌ፣ ማንም ቢያንኳኳ ‹ለነገ!› ነው የምለው። ነርሶቹ ‹እትዬ ለነገ› ነበር የሚሉኝ። አንቺ የተወለድሽ ቀን ጠዋት ተንኳኳ። ‹እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ አሞኛል፤ ክፈችልኝ› አለች።»

«እናቴ?»

«እናትሽ።»

«ድምጿን... አላወቅሽውም?»

«የልጄን ድምፅ እንዴት አላውቅ! ልቤ ዘሎ በሩ ጋ ደረሰ፤ እግሬ ግን እንቢ አለ። መተውን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ትቅመሰው አልኩ። ‹ለነገ!› አልኳት።»



«ከዚያስ?»

«ጫማዋ ሲጎተት ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ከማዋለጃው ጨርቅ መጣ፤ ደም የጠጣ ጨርቅ። ዛሬስ በዝቷል ብዬ ተቀብዬ ዘፈዘፍኩት። አዋላጇ መጥታ ‹እትዬ፣ ልጅዎ...› ስትለኝ እጄ እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ነበር።»

አምላክ ሆይ! የገዛ ልጇን ደም ሳታውቅ ያጠበች እናት ምን ትባላለች?

«ብትከፍቺላት ትድን ነበር?» አለች የልጅ ልጅየዋ።

«ሐኪሙ ደሟ አልቆም ብሎ ነው፣ ምንም አይደረግም ነበር ብሎኛል። እኔ እንጃ። ግን ብቻዋን አትሞትም ነበር... ይቅር በይኝ ልጄ።»

አስተማሪዋ ተነሥታ ወጣች። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆማ ዝናቡ ጫማዋን እያራሰው ሠላሳ አራት ዓመቷን መልሳ ቆጠረች። በልጅነቷ «እማዬ አይታኛለች?» ብላ ስትጠይቅ፣ አያቷ «አቅፋ ስማሻለች» ይሏት ነበር። ማን አይቶ ነገራቸው? ያም ውሸት ነበር?

ዘበኛው ከለመደው የኋላ በር መራቅ አቅቶት ዛሬም ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። «ምነው ልጄ፣ ደከሙ እንዴ?» አላት።

«ጋሼ፣ እናቴ የሞተች ቀን እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ። የማልረሳው ማግስቱን ነው። አያትሽ መዶሻ ይዘው መጡ፤ የልብስ ማጠቢያውን በር ከማጠፊያው ነቅለው አወረዱት። እብድ ናቸው አልን። ሁለት ክረምት ሙሉ ያለ በር ሠሩ፤ ብርድ እየገረፋቸው፣ ሳል እየጣላቸው። ‹እትዬ፣ በር እናስገባልዎ› ስንል ‹አልፈልግም› ነው መልሳቸው። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅንም።»

እሷ ግን አወቀች። ፍርዱን ራሳቸው ፈርደው፣ ቅጣቱንም ራሳቸው ሲቀበሉ ኖረዋል። ለእሷ ምን የሚቀጣ ነገር ተረፈላት?

ሮጣ ገባች። የአሮጊቷ ዓይን ደፍርሷል።

«ቁንጅዬ... መጣሽ?» አሉ። ቁንጅዬ የሚሉት ሟቿን ልጃቸውን ነበር።

አዎ፣ መጣሁ ብትላቸው ምን ነበረበት? ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በዚህች ሰዓት ሌላ ውሸት በመካከላቸው እንዲገባ አልፈለገችም። ተንበርክካ እጃቸውን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እሷ አይደለሁም እማማ፤ እኔ ነኝ። በእሷ ፈንታ ይቅር ልልሽ አልችልም፤ ስታገኚያት ራስሽ ትጠይቂያታለሽ። እኔ ግን ያሳደግሽኝ ልጅሽ ነኝ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።»



«ብትቆጣኝስ?»

«ትቆጣሽ! እናትና ልጅ አይደላችሁ? አንቺም መልሰሽ ትቆጪያት የለ።»

ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ መጣ። «እሱስ... ምላሷ ምላጭ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ዝናቡ ሳያባራ፣ እጃቸው በልጅ ልጃቸው ጉንጭ ላይ እንዳለ፣ ሄዱ።

ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ነው እንላለን። ባልየውን ከፎቅ የጣለው፣ ሕፃናቱን በኩፍኝ የቀጠፈው ዕጣ ፈንታ ይሆናል። ያችን ጠዋት የፈጠራት ግን እሱ አልነበረም፤ ከልክ በላይ የምትወድ እናት ኩርፊያ ነበር። አስተማሪዋን ሰዎች «አያትሽ ስንት ዓመት ኖሩ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ሰማንያ ሁለት ትላለች። በልቧ ግን የምታስበው ሌላ ነው፦ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ አራት ዓመታት አያቷ በአንዲት ጠዋት ውስጥ ቆመው ነው የኖሩት፤ ደግነቱ ሲሄዱ ብቻቸውን አልነበሩም።